ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጥቁር፦ ካሜራችን ብርሃንን እንዴት ይለካል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የምረቃ ዕለት፣ ቀትር ላይ፣ ከተማሪዎቻችን አንዱ ከእናቱ ጋር ፎቶግራፍ እንድናነሣው ጠየቀን። እናቱ ከገጠር ሁለት ቀን ተጉዘው የመጡ፣ ለዕለቱ ብለው ያሠሩትን አዲስ ነጠላ የለበሱ ወይዘሮ ነበሩ፤ ልጃቸው ጥቁር ካባውን ደርቦ ከጎናቸው ቆመ። በእጃችን የነበረው ካሜራ ጥሩ ከሚባሉት አንዱ ነበር። አምስት ጊዜ አነሣን፤ በካሜራው ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ጨረፍ አድርገን አየንና «ቆንጆ ወጥቷል» ብለን አሰናበትናቸው። ማታ በኮምፒውተር ስንከፍተው ከበስተኋላቸው ያለው ሰማይ ቦግ ብሏል፤ ነጠላው ግራጫ ሆኗል፤ የሁለቱም ፊት ዐይንና አፍ የማይለይበት ጥላ ነው። እናቲቱ በማግስቱ ማለዳ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። ስለ ብርሃን ጠባይ ለዓመታት ያስተማርን ሰዎች በብርሃን መሸነፋችን አሳፈረን።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ፎቶግራፍ ማንሣትን በትርፍ ጊዜያቸው ለሚወዱ ሰዎች፣ ያን ዕለት ምን እንደ ተሳሳትንና ስሕተቱን ለማረም ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስፈልግ (በአብዛኛው ምንም አያስፈልግም) ለማሳየት እንሞክራለን።

ካሜራው የሚገምተው

በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያውቀው ከፊቱ ካለው ነገር ተንጸባርቆ ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን ብቻ ነው። የሚገባው ብርሃን አነስተኛ ሲሆን ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ወይ ቦታው ጨልሟል፣ ወይ ደግሞ ቦታው ብሩህ ሆኖ የሚነሣው ነገር በራሱ ጥቁር ነው። መለኪያው እነዚህን ሁለቱን መለየት አይችልም። ስለዚህም የካሜራ መሐንዲሶች አንድ ግምት ይዘው ተነሡ፤ በአማካይ ሲታይ ማንኛውም ትዕይንት ከሚያርፍበት ብርሃን በልማድ 18 በመቶ ያህል ተብሎ የሚጠቀሰውን ክፍል ያንጸባርቃል የሚል ነው። ካሜራው ከፊቱ ያለውን ሁሉ ወደዚህ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል።

ይህን ለማመን ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ሙከራ አለ። ነጭ ነጠላ በጥላ ሥር ዘርግተው የፎቶግራፉን ክፈፍ እስኪሞላ ድረስ ቀርበው ያንሡት። ከዚያም በዚያው ቦታ ጥቁር ካፖርት ሰቅለው በተመሳሳይ ሁኔታ ያንሡ። ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው ሁለቱም ግራጫ ናቸው፤ ነጠላው የትኛው እንደ ሆነ የሚነግርዎ የጥበቡ ጥለት ብቻ ይሆናል። በመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ላይ ይህን ሙከራ ስናሳይ ተማሪዎች መሳቃቸው አይቀርም።

መፍትሔው በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት የተጻፈበት ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁልፍ ካሜራውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ነክቶት አያውቅም። በፎቶግራፍ አንድ እርከን መጨመር ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ፣ አንድ እርከን መቀነስ ደግሞ በግማሽ ማሳነስ ነው። ንጹሕ ነጭ ጥጥ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 በመቶ በላይ ሊያንጸባርቅ ስለሚችል ከካሜራው ግምት ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ይህም ሁለት እርከን ያህል ነው። እንግዲህ ነጠላ ክፈፉን ሲሞላው ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እርከን እንጨምራለን፤ ግማሹን ሲይዝ አንድ እርከን ይበቃል። ጥቁር ካባ ሲሞላው ደግሞ አንድ ያህል እንቀንሳለን።

በእናትና ልጅ ፎቶግራፍ ላይ ግን ካባውና ነጠላው እርስ በርስ ይካካሱ ነበር። ጥፋተኛው ሰማዩ ነው። ከክፈፉ ሲሶ የሚሆነውን ብሩህ ሰማይ የያዘበት ካሜራ «እጅግ ደምቋል» ብሎ ሁሉንም አጨለመው፤ በመጀመሪያም ቢሆን ብርሃንን በብዛት የማያንጸባርቀው ፊታችን ከሁሉ ይበልጥ ተጎዳ። የዛሬዎቹ ካሜራዎችና ስልኮች ፊትን ለይተው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ከበስተኋላ ብርሃን ሲበረታ ግን አሁንም ይሳሳታሉ። በስልክ ለሚያነሣ ሰው በመስታወቱ ላይ የሚታየውን ፊት በጣት ነክቶ፣ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መግፋት ያው መደመር ነው። ካሜራ ያለው ደግሞ መለኪያውን በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ እንዲለካ አድርጎ፣ የራሱን መዳፍ ሰዎቹ በቆሙበት ብርሃን ውስጥ ዘርግቶ ይለካና አንድ እርከን ይጨምር። የሰው መዳፍ የቆዳው ቀለም ምንም ይሁን ምን ከመካከለኛው ግራጫ አንድ እርከን ያህል የፈካ በመሆኑ፣ ይህ ዘዴ እኛን እስካሁን አላሳፈረንም።

ስለ ፊት ቀለም ከተነሣ አይቀር፣ ነገሩ የፊዚክስ ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረም መጥቀስ ይገባል። በፊልም ዘመን የቀለም ፎቶግራፍ የሚያጥቡ ቤተ ሙከራዎች መሣሪያቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ በካርዱ ላይ ለዐሥርት ዓመታት ትታይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ኮዳክ የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች የሚታዩበት ካርድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ስልኩ ላይ ጠቆር ያለን ፊት በትክክል ማሳየትን ራሱን የቻለ ሥራ አድርጎ አቅርቧል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ቢሆንም ቁልፉ በእጃችን ሳለ እስኪያውቁን መጠበቅ የለብንም።

«በኋላ በኮምፒውተር ይስተካከላል»

የጠቆረውን ፊት በኮምፒውተር ለማፍካት ሞከርን። ፊቱ ፈካ፤ ነገር ግን በአሸዋ የተነሰነሰ መስሎ ወጣ። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ለመረዳት የካሜራውን ልብ፣ ሴንሰሩን፣ መመልከት ያስፈልጋል።

ሴንሰር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የሲሊከን ክፍሎች ያሉት ገበታ ነው። አንድ ፎቶን ሲያርፍበት አንድ ኤሌክትሮን ሊያስለቅቅ ይችላል፤ ካሜራው የተጠራቀሙትን ይቆጥራል። በዚህ መንገድ ምስልን ለመያዝ ፈር የቀደደውን ሲሲዲ የተባለውን ፈጠራ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ቤተ ሙከራ አስገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል። ዛሬ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሲሞስ የሚባለው ዓይነት ቢሆንም ቆጠራው ያው ነው።

በክረምት በግቢያችን እኩል አፍ ያላቸውን ብዙ ስኒዎች ደርድረን ካፊያውን ብናጠራቅም፣ በአማካይ 100 ጠብታ ቢገባም አንዱ 92፣ ሌላው 109 ያገኛል እንጂ ሁሉም እኩል አይሆኑም። የልዩነቱ መጠን የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው፤ ለ100 ጠብታ 10 ያህል፣ ማለትም 10 በመቶ ይሆናል። 10,000 ጠብታ ቢገባ ልዩነቱ 100፣ ማለትም 1 በመቶ ብቻ ነው። ፎቶኖችም እንደዚሁ ናቸው። በፊቱ ላይ ያየነው አሸዋ የካሜራው ጉድለት ሳይሆን ያልገባው ብርሃን ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ የገባውን ያባዛል እንጂ ያልገባውን አይፈጥርም። አይኤስኦን ከፍ ማድረግም በአመዛኙ ማባዛት እንጂ ፎቶን መጨመር አይደለም። (እጅ ተንቀጥቅጦ ከሚደበዝዝ ፎቶግራፍ ግን አሸዋማው ይሻላልና፣ ግድ ሲሆን ከፍ ለማድረግ አንፍራ።)

ገንዘቡን የት እናውለው?

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ምክር ግልጽ ነው፤ ገንዘብ የሚከፈለው ብዙ ፎቶን ለሚሰበስብ ነገር ነው። ሻጮች አስቀድመው የሚጠሩት የሜጋፒክስል ቁጥር ከዚህ ጋር ብዙም አይገናኝም። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነውን የተለመደውን ፎቶግራፍ በጥራት ለማተም 2 ሜጋፒክስል ያህል፣ የደብተር ወረቀት እጥፍ ለሚሆነው ኤ4 ደግሞ 9 ገደማ ይበቃል።

የሚቆጠረው የሴንሰሩ ስፋትና የሌንሱ ቀዳዳ ነው። ከብዙ ካሜራዎች ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ሲያቀርብ ኤፍ 5.6 ላይ ይወሰናል። 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 የሆነው ትንሽ ሌንስ ግን ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ወገን ሆኖ ሳለ፣ በተመሳሳይ ጊዜ ዐሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ይህ በቡና ሥርዓት በመሸበት ክፍል ውስጥ ፊት በማየትና ባለማየት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ካሜራ እንዲልክለት ውጭ አገር ያለ ዘመዱን የሚያስቸግር ሰው ካለ ምክራችን ይህ ነው፦ ትልልቆቹ አምራቾች ፊታቸውን ወደ መስታወት አልባ ካሜራዎች በማዞራቸው፣ ያገለገሉ ባለ መስታወት ካሜራዎች ረክሰዋል፤ አንዱንና ይህን ሌንስ ያስልክ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለሌላ ያውለው። መቆሚያ ላጣ ሰው ባቄላ የሞላበት ትንሽ ከረጢት በመስኮት ደፍ ላይ አስቀምጦ ካሜራውን ማሳረፍ ድንቅ መላ ነው። በክረምት ደግሞ ሌንሱን በተዘጋ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ለወራት መርሳት ሻጋታ መጋበዝ ነውና አየርና ብርሃን ያግኝ።

የአገራችን ፀሐይ

ከውጭ የሚመጡ የፎቶግራፍ መጻሕፍት ከጀምበር መጥለቅ በፊት ስላለው «ወርቃማ ሰዓት» ብዙ ይላሉ። በሰሜን አውሮፓ በተማርንበት ዘመን እውነት ሆኖ አግኝተነዋል፤ እዚህ ግን ሰዓቱ ሰዓት አይሞላም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው ማለት ይቻላል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት የመጨረሻውን 6 ዲግሪ በ25 ደቂቃ ገደማ ትጨርሰዋለች፤ በሰሜን 60 ዲግሪ ላይ ወደ 50 ደቂቃ ይፈጅባታል። በምዕራብ በኩል የወጨጫ ተራራ ከዚህም ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ቦታውን፣ ሰዎቹንና ካሜራውን አስቀድመን አዘጋጅተን እንጠብቃት።

ቀትር ደግሞ ሌላ ችግር አለው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ ከአናታችን በላይ በቀጥታ ትቆማለች፤ በሌላውም ጊዜ ብዙ አትርቅም። የዐይን ጉድጓድ ይጨልማል፣ አፍንጫ ጥላውን ከንፈር ላይ ይጥላል። ሰዎቹን ከፀሐይ አውጥቶ ወደ በረንዳ ጫፍ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ዳር ማስጠጋት፣ ፊታቸውንም ወደ ብሩሁ ግቢ ማዞር ይበቃል። የሐምሌ ደመናም መማረር አይገባውም፤ ሰማዩን በሙሉ አንድ ሰፊ መብራት ያደርገዋል። በሠርግ ድንኳን ውስጥ ሸራው ሰማያዊ ወይም ቢጫ ከሆነ ፊቶች ሁሉ ቀለሙን ይይዛሉ፤ ያኔ በካሜራው የነጭ ማስተካከያ ከእንግዶቹ የአንዷን ነጠላ አንሥቶ «ነጭ ይህ ነው» ብሎ ማስተማር ይቻላል።

ያ ተማሪያችን ታናሽ እኅት ነበረችው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እርሷም ተመረቀች፤ እናቲቱም እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ በሕንፃው በረንዳ ሥር፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው አቆምናቸው። መዳፋችንን ለካን፤ አንድ እርከን ጨመርን። አንድ የሥራ ባልደረባችን የተዘረጋ ነጋላ ነጠላ ከወገባቸው ዝቅ አድርጎ ከክፈፉ ውጭ ያዘ፤ ከግቢው የሚመጣው ብርሃን ከነጠላው ተመልሶ ከአገጫቸው ሥር ያለውን ጥላ አነሣው። ፎቶግራፉን ከሰዓት በኋላ አሳትመን በእጃቸው ሰጠናቸው። እናቲቱ ጥቂት አራቅ አድርገው አዩትና «የፊተኛውስ የት አለ?» ብለው ጠየቁን።