አሮጌው ፋይልና አዲሱ ኮምፒዩተር

አንድ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት በአማርኛ የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ፋይል አምጥቶ በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፍት፣ ብዙውን ጊዜ የሚያየው አማርኛ አይደለም። በፊደሉ ፈንታ የላቲን ፊደል፣ የፐርሰንት ምልክት፣ ቅንፍና ቃለ አጋኖ እንደ ጥራጥሬ ተደባልቆ ይጠብቀዋል። ይህን ያየ ሁሉ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ወይ ይጣላል፣ ወይ ደግሞ አንድ ምስኪን ጸሐፊ ከታተመው ወረቀት ላይ እንደ ገና ይተይበው ዘንድ ይታዘዛል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ፋይሉ አለመበላሸቱን፣ መልሶ ማንበብም የሚቻል መሆኑን ነው።

ነገሩ በእኛ በኩል፣ ማለት በሮቤ፣ በጎባና በአጋርፋ፣ ከሌላው አገር ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት አለ። አፋን ኦሮሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በቁቤ፣ ይኸውም በላቲን ፊደል የሚጻፍ ስለ ሆነ፣ የዚያ ዘመን የአፋን ኦሮሞ ፋይል በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ያለ አንዳች ችግር ይነበባል። በዚያው ዲስክ ላይ፣ በዚያው ሰው እጅ፣ በዚያው ቀን የተጻፈው አማርኛ ግን አይነበብም። እንግዲህ ዲስኩ ቢበላሽ ኖሮ ሁለቱም በተበላሹ ነበር። ጥፋቱ የዲስኩ አለመሆኑን ከዚህ ብቻ መረዳት ይቻላል፤ ነገሩ የፊደል ነገር ነው።

ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ትልቁ የላቲን ኤ በውስጡ የሚቀመጠው 65 ተብሎ ነው። ፎንት የምንለው ደግሞ ለዚያ ቁጥር የሚለበስ ልብስ ነው፤ 65 የተባለውን ቦታ በምን ዓይነት መልክ እንደሚስለው ለኮምፒዩተሩ ይነግረዋል። በድሮው አሠራር አንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዙ ነበሩ። የእኛ ፊደል ግን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩበት ከቦታው ይተርፋል። ስለዚህ የዚያ ጊዜ ባለሙያዎች መላ መቱ። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈለው፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ አማርኛ የጽሕፈት መኪና ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ በመተየቢያው ላይ አገጣጠመው። ሁሉም ግን ያደረጉት በመሠረቱ አንድ ነገር ነው፤ በላቲኑ ቁጥር ላይ የአማርኛ ልብስ አለበሱት።

ችግሩ የልብሱ ልክ በየቤቱ መለያየቱ ነበር። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ዋሽራ፣ አጋፋሪ እያልን የምናውቃቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አደላደል ነበራቸው። (የአጋርፋ ልጆች አንኩራ፤ አጋፋሪና አጋርፋ በስም ቢቀራረቡም ዝምድና የላቸውም።) በአንዱ «በ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ጨ» ሊሆን ይችላል። ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒዩተር ደግሞ ቁጥሮቹን ራቁታቸውን፣ በላቲን መልካቸው ያሳያል። እኛ «ተበላሸ» የምንለው ይህን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲመዘግብ፣ እያንዳንዱ ፊደል ማንም የማይጋራውን የራሱን ቁጥር አገኘ። «ሀ» 4608፣ «ሁ» 4609 እያለ ይሄዳል። «ባሌ» ብለን ብንጽፍ 4707 እና 4620 ተብሎ ይቀመጣል፤ ይህም በአጋርፋ ቢሆን በቶኪዮ ያው ነው። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ፣ ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንት ከራሱ ጋር ይዞ መጣ። ስሙ የተወሰደው ከደጋ አጋዘን ነው፤ ዲንሾ ላይ ከመኪና መስኮት የምናየው ያው የሠፈራችን አውሬ በዓለም ኮምፒዩተሮች ሁሉ ስሙ ገባ ማለት ነው። በኋላ በመጣው በዊንዶውስ 10 ኤብሪማ የተባለው ፎንት ተተክቶ፣ ኒያላ ሲፈለግ ብቻ የሚጨመር ሆኗል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ኮምፒዩተሩ አማርኛ ያውቃል፤ ታዲያ ይህን ለምን አያነብም?» ይልና ጽሑፉን በሙሉ መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ ይለውጣል። ምንም አይሆንም፤ በፋይሉ ውስጥ ያሉት የላቲን ቁጥሮች ናቸውና ኒያላም የላቲን ልብስ ያለብሳቸዋል። ተስፋ የቆረጠው ሰው ቀጥሎ ከጓደኛው የድሮ ፎንት ተውሶ፣ አሁንም ሁሉን መርጦ ያንን ያለብሰዋል። አማርኛው ብቅ ሲል ደስ ይለዋል። ነገር ግን በመካከሉ የነበረው የአፋን ኦሮሞ ስምና የእንግሊዝኛ ቃል፣ ያላቲን ቁጥሩ አማርኛ ለብሶ፣ ማንም የማያነበው የፊደል ክምር ይሆናል። በዚህ ላይ ፋይሉን ካስቀመጠው የትኛው ቃል አማርኛ፣ የትኛው ቁቤ እንደ ነበረ የሚነግር ምልክት ጠፋ ማለት ነው። ያ ምልክት ሌላ ሳይሆን የፎንቱ ስም ነበር። እኔ እስከማውቀው ድረስ እንዲህ ያለውን ፋይል በእውነት የሚያበላሸው ይህ አንድ ሥራ ነው፤ ሠሪውም ዘመኑ ሳይሆን ሰው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉን ገልብጦ ዋናውን ሳይነኩ ማስቀመጥ ይገባል። ከዚያ ቅጂውን ከፍቶ አንዱን የማይነበብ ቃል መንካትና ከላይ በፎንት ሣጥን ውስጥ የተጻፈውን ስም ማየት ነው። ፎንቱ በኮምፒዩተሩ ላይ ባይኖርም ወርድ ስሙን አይረሳም። ያንን ስም የያዘውን ፎንት ፈልጎ መጫን ብቻ ይበቃል፤ ጽሑፉ ሳይነካ በራሱ ይነበባል፤ ቁቤውም በቦታው ይቆያል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ሊቀላቀልብን አይገባም፤ ፕሮግራሙ፣ ፎንቱና ፋይሉ። የድሮው መጻፊያ ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ አልጫንም ሊል ይችላል። ለ16 ቢት የተሠሩት በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሄዱም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚገኘው በ64 ቢት ብቻ ነው። ይህ ግን ማንበብን አይከለክልም። ፕሮግራሙ የሚያስፈልገው ለመጻፍ ነው፤ ለማንበብ ፎንቱ ይበቃል። አዲሱ ወርድ በወርድ 95 ወይም ከዚያ በፊት የተጻፈውን ፋይል ለጥንቃቄ ብሎ አልከፍትም ቢል፣ ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይከፍተዋል። ፋይሉ በፍሎፒ ዲስክ ላይ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ አለ፤ ባለ ሦስት ተኩሉን ኢንች ያነባል።

ማንበብ ግን አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፉን ለነገ ማቆየት ሌላ ነው። በድሮ ፎንት የተቀመጠ ስም በፍለጋ አይገኝም፤ የስም ዝርዝር ቢደረደርም ቅደም ተከተሉ የላቲን እንጂ የሀ ሁ አይሆንም። ለመመረቂያ ጽሑፋችን ከድሮ ፒዲኤፍ ላይ አንድ አንቀጽ ገልብጠን ስንለጥፍ የሚመጣብን እንቆቅልሽ ምንጩም ይኸው ነው፤ በፒዲኤፉ ላይ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ላቲን ነው። መድኃኒቱ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። ለዚህም የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው ዶክ ኤክስ ኮንቨርተር የተባለ ነጻ መሣሪያ አለ። ፋይሉን በመጀመሪያ በወርድ ከፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በመጣው በአዲሱ የወርድ ዓይነት፣ በዶክ ኤክስ፣ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። መሣሪያው የእያንዳንዱን ቃል ፎንት እያየ አማርኛውን ብቻ ይለውጣል፤ ሁሉን መርጦ አንድ ፎንት ማልበስ ጥፋት ነው ያልኩትም ስለዚህ ነው። የኤክሴል ሠንጠረዥ ከሆነ ወደ ወርድ ገልብጦ፣ ለውጦ መመለስ ይቻላል።

ከተለወጠ በኋላ ከዋናው ጋር ማስተያየት አይቀርም። በተለይ አራት ነጥብን መመልከት ነው፤ የድሮ ጸሐፊዎች አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ይሠሩት ስለ ነበር፣ ከተለወጠም በኋላ ሁለት ምልክት ሆኖ ይቀራል፤ በመተኪያው ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይስተካከላል። አኃዞችና ትእምርተ ጥቅስም አንዳንድ ጊዜ ይስታሉ።

እጅግ የሚያስቸግረው እንደ አክሰስ ባለ መዝገብ ውስጥ የገባው ነው። ለምሳሌ ቀድሞ የገበሬዎች ማሠልጠኛ በነበረው በአጋርፋው የግብርና ኮሌጅ ዓይነት ቦታ፣ የሠልጣኞች ስም ዝርዝር በእንዲህ ያለ መዝገብ ተይዟል እንበል። ወርድ ከጽሑፉ ጋር የፎንቱን ስም ያስቀምጣል፤ መዝገቡ ግን በየረድፉ የሚያስቀምጠው ራቁቱን ቁጥር ነው። ፎንቱ የተጠቀሰው በማሳያው ቅጽ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በየትኛው ዓምድ አማርኛ፣ በየትኛው ቁቤ እንደ ገባ ሰው ራሱ ለይቶ፣ የአማርኛውን ዓምድ ወደ ወርድ አውጥቶ፣ ትክክለኛውን ፎንት አልብሶ መለወጥ አለበት። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የመዝገቡን ቅጽ የሠራው ሰው በሕይወት ካለ ሄዶ መጠየቅ ግማሹን መንገድ ያሳጥራል።

መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ኮምፒዩተር ሲያስወግዱ ሰነዶቹን በፍላሽ ገልብጠው ማሽኑን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይልካሉ። ፎንቶቹ ግን ከሰነዶቹ ጋር አብረው አይሄዱም፤ የሚኖሩት በሲ ውስጥ፣ ዊንዶውስ በሚባለው ማኅደር፣ ፎንትስ በተባለው ሥር ነው። ያንን ማኅደር በሙሉ ገልብጦ መያዝ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ለተግባር ልምምድ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሄዱ ሁሉ፣ አቧራ የለበሰ ኮምፒዩተር ጥግ ላይ ተቀምጦ ብታዩ፣ አስፈቅዳችሁ አብሩትና መጀመሪያ ወደዚያ ማኅደር ግቡ።