«ና» እና «ኮቱ»

ከነቀምቴ አቅራቢያ ባለችው ጉቴ፣ እናት ደጅ የሚጫወት ልጇን «ኮቱ!» ብላ ትጠራዋለች። ልጁ ሲደርስ ግን «ዹፌ»፣ መጣ ይባላል። ሁለቱን ቃላት ብናስተያያቸው የሚጋሩት የሥር ፊደል የለም። ኦሮምኛ ለመምጣት ሁለት ሥር ይዞ አንዱን ለትእዛዝ ብቻ አስቀምጦታል።

አማርኛም ከዚህ አይለይም። ከ«በላ» «ብላ»፣ ከ«ሰማ» «ስማ» ይወጣል፤ ከ«መጣ»ም «ምጣ» ሊወጣ በተገባ ነበር። የምንለው ግን «ና»፣ «ነይ»፣ «ኑ» ነው። ግዕዝም «መጽአ» የሚል ግሥ እያለው ሲጠራ «ነዓ» ይላል፤ ሶማልኛም በዚሁ ግሥ ላይ ለትእዛዙ ሌላ ሥር ያመጣል፤ «ካላይ» ይላል።

ይበልጥ የሚያስገርመው አሉታው ነው። «አትና» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ «አትምጣ» ነው የሚባለው። ኦሮምኛም ሲከለክል «ኮቱ»ን ይተውና «ሂን ዹፊን» ብሎ ወደ «ዹፌ» ሥር ይመለሳል። አፈንጋጩ ቃል በሁለቱም ዘንድ ለመጥራት እንጂ ለመከልከል አያገለግልም። በአክብሮት ላይ ግን መንገዳቸው ይለያያል። አማርኛ ትልቅን ሰው «ይምጡ» ሲል ከ«መጣ» ሥር ይነሳል፤ ኦሮምኛ ደግሞ እንግዳው ብቻውን ቢሆንም በብዙ ቁጥር «ኮታ» ይለዋል።

ፈረንሳይኛም ከላቲን ሲወለድ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል፦ የአሁኑ «እሄዳለሁ» ከአንድ የላቲን ግሥ፣ የወደፊቱ «እሄዳለሁ» ከሌላ መጥቷል። በ1887 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሰው ሠራሹ ቋንቋ ኤስፔራንቶ በአንጻሩ አፈንጋጭ ግሥ የለውም። ከላቲን የወረደ የሚመስል ቋንቋ በምናባቸው የሚፈጥሩ ሰዎች ግን አፈንጋጭ ግሦችን ሆን ብለው ያስገባሉ፤ ያለ እነሱ ቋንቋው ሰው የኖረበት አይመስልምና።

እንደ «ና» እና «ኮቱ» ያሉ ቃላት ያልጠፉት ዕለት በዕለት ስለሚነገሩ ነው። ሕፃን «ና»ን ደንብ ከማወቁ በፊት፣ ደጋግሞ እየሰማ ይይዛታል። አልፎ አልፎ የሚነሳ ግሥ ቢሆን ኖሮ ደንቡ ይውጠው ነበር።

መነሻችን የሆነችው ነቀምቴ ከኦሮምኛ ጽሑፍ ታሪክ ጋርም ትገናኛለች። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ያዘጋጁት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል ታትሟል። ኦነሲሞስ ነቀምቴ ላይ አስተምሮ በ1931 እ.ኤ.አ. እዚያው አርፏል። ዛሬ በከተማዋ ሁለቱን ቋንቋዎች የምታስተምሩ መምህራን «ና»ን እና «ኮቱ»ን በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጻፏቸው፤ ብዙ ልጆች ሁለቱንም ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል።