ለተራራ አደን ቀላል ጠመንጃ፦ ተረትና እውነታ

በኮሎራዶ ኤልክን በጠመንጃ ማደን በዋናነት የሚፈቀደው ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ሕዳር አጋማሽ፣ በአራት ዙር ነው። ኤልክ የአጋዘን ወገን ነው፤ ወንዱ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው። (ለሚጾም አዳኝ አንድ መልካም ነገር፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች የሚያልቁት የነቢያት ጾም ሕዳር 15 ሳይገባ ነው፤ ሥጋው በፍስክ ይደርሳል።) ዴንቨር ወይም አውሮራ የሚኖር ሐበሻ በጥቂት ሰዓት መንዳት ከተራራው ግርጌ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው። አውሬው ብዙ ጊዜ የሚገኘው 3,000 ሜትር ከፍታ አካባቢና ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ ጀማሪ አዳኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀላሉ ጠመንጃ የቱ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ ተብሎ የሚሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ ግማሹ ብቻ እውነት ነው።

«ካታሎጉ 2.2 ኪሎ ይላል፤ የምሸከመውም 2.2 ኪሎ ነው»

ኪምበር ማውንቴን አሴንት የተባለው አሜሪካ ሠራሽ ጠመንጃ በ.308 ጥይት ልክ ሲሠራ በእርግጥ 2.2 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ግን ባዶውን ነው። ትልቅ የማነጣጠሪያ መነጽር ብቻውን 800 ግራም ሊመዝን ይችላል። የመነጽሩ ማሰሪያ ቀለበቶች፣ ማንገቻው፣ አራት ጥይትና ባለ ሁለት እግር መደገፊያ ሲጨመሩበት 3.7 ኪሎ ገደማ ሆኖ ቁጭ ይላል። ፊንላንድ ሠራሹ ቲካ ቲ3ኤክስ ላይት ደግሞ ባዶውን 2.9 ኪሎ ገደማ ነው። 400 ግራም የማይሞላ መነጽር ተደርጎበት መደገፊያው ቢቀር (ጠመንጃን በጀርባ ሻንጣ ላይ አስደግፎ መተኮስ ይቻላልና) ከዚያ ከለበሰው ኪምበር አይከብድም፤ ዋጋውም በእጅጉ ያንሳል። ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ መጀመሪያ ማየት ያለበት መነጽሩን ነው። ለነገሩ የዓድዋ ዘማች የተሸከመው ውጅግራ ባዶውን ከ4 ኪሎ በላይ ነበር፤ ያውም በእግሩ ከሸዋ እስከ ትግራይ።

«በቀለለ ቁጥር ይሻላል»

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ይሄኛው እምነት ነው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ያ ግፊት ጠመንጃው ቀለለም ከበደም ያው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ግፊቱን በሚቀበለው ክብደት ነው፦ ጠመንጃው ሲቀል ወደ ኋላ የሚመለስበት ፍጥነት ይጨምራል፣ የርግጫውም ጉልበት በዚያው ልክ ያድጋል። 4 ኪሎ የነበረውን ወደ 3 ኪሎ ያወረደ ሰው፣ ያንኑ ጥይት ሲተኩስ ትከሻው ላይ የሚያርፈው ጉልበት በሲሶ ይጨምርበታል። ላባ በሚያህል ጠመንጃ .300 ዊንቸስተር ማግነም የሚተኩስ ሰው ብዙም ሳይቆይ ክፉ ልማድ ይይዛል፦ ገና ምላጩን ሳይስብ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ያሸሻል፣ ምላጩንም ይመነጭቃል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

ሌላም ዋጋ አለው። ዳገት ወጥቶ የሚያለከልክ ሰው እጁ ላይ ያለው ቀላል ጠመንጃ በእያንዳንዱ ትንፋሽና የልብ ምት ይወዛወዛል። ከፊቱ ክብደት ያለው ጠመንጃ ግን ቶሎ ይረጋል። በእኔ ፍርድ ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው መነጽሩንና ጥይቱን ለብሶ ከሦስት ኪሎ ተኩል ብዙ የማይርቅ ጠመንጃ ነው። ከዚያ በታች መውረድ ዓመቱን ሙሉ ለሚለማመድ ተኳሽ ነው እንጂ በዓመት አንዴ ለሚተኩስ አይደለም። ግማሽ ኪሎ ምንም አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ጠመንጃ እንደ ሻንጣ ዳሌ ላይ አያርፍም፣ ቀኑን ሙሉ በእጅ ወይም በአንድ ትከሻ ነው። ግን አንድ ኤልክ ከአጥንቱ ተለይቶ እንኳ 80 ኪሎና ከዚያ በላይ ሥጋ ይሰጣል፤ ያ ሁሉ ተመላልሶ በጀርባ ነው የሚወርደው። እግርን ማጠንከሩ ከማንኛውም ውድ ጠመንጃ ይበልጣል።

«ቀጭን አፈሙዝ ዒላማ ይስታል»

ቀጭን አፈሙዝ ቶሎ ይሞቃል፤ ሲሞቅም ሦስተኛውና አራተኛው ጥይት ከመጀመሪያዎቹ ሊርቅ ይችላል። በተኩስ ሜዳ አከታትሎ የሚተኩስ ሰው ይህን አይቶ «ይስታል» ይላል። አዳኝ የሚያስፈልገው ግን ከቀዝቃዛ አፈሙዝ የምትወጣው የመጀመሪያዋ ጥይት ናት። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አልትራ ላይት አርምስን የመሠረተው ሜልቪን ፎርብስ፣ ከግማሽ ኪሎ የማይበልጥ ግን እጅግ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ሰደፍ ሠርቶ አፈሙዙን ሙሉ በሙሉ በዚያ ላይ አሳርፎታል። ጠመንጃዎቹ ቀላል ሆነው አለመሳታቸውን አስመስክሯል። ችግር የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የሚለጠጥ ርካሽ ፕላስቲክ ወይም እርጥበት ሲነካው የሚያብጥ እንጨት ነው። ጠመንጃውን ሲሞክሩ ታዲያ በየጥይቱ መካከል አፈሙዙ እንዲቀዘቅዝ መታገሥ ነው።

«ካርቦን የተጠቀለለበት ሁሉ ይቀላል»

ካርቦን ፋይበር የተጠቀለለበት አፈሙዝ ውስጡ ያው ብረት ነው። እኩል ውፍረት ካለው የብረት አፈሙዝ ይቀላል፤ ከቀጭን የአደን አፈሙዝ ግን ብዙውን ጊዜ አይቀልም፣ እንዲያውም ሊከብድ ይችላል። ካርቦን በእርግጥ የሚጠቅመው ሰደፉ ላይ ነው።

«ለትልቅ አውሬ ትልቅ ጥይት»

ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአፍሪካ ከ1,000 በላይ ዝሆን ገድሏል፤ አብዛኛውን በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ጥይት። ዛሬ ማንም ይህን ያድርግ አልልም፤ ድርጊቱም የሚያስመሰግን አይደለም። ቤል ግን የዝሆን ራስ ቅልን ሰንጥቆ አጥንቶ፣ ጥይቷ የት መግባት እንዳለባት ያውቅ ነበር። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ የሚጠይቀው ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 85 ግሬን የሚመዝንና ሲመታ የሚሰፋ አረር፣ በ100 ያርድ ርቀትም 1,000 ጫማ ፓውንድ ጉልበት ነው። 6.5 ክሪድሙር፣ 7 ሚሊ ሜትር ዜሮ ስምንት ሬሚንግተንና .308 ዊንቸስተር ይህን በደንብ ያልፋሉ። በእኩል ክብደት ጠመንጃ ሲተኮስ .300 ዊንቸስተር ማግነም ከ6.5 ክሪድሙር እጥፍ ገደማ ይራገጣል፤ እጥፍ የሚሆን ጥቅም ግን አይሰጥም። ሳምባ ያገኘች መጠነኛ ጥይት አንጀት ከመታች ግዙፍ ጥይት ትሻላለች። የቆሰለ አውሬ በገደል ሲጠፋ ማየትን የሚወድ አዳኝ የለም።

አጭር አፈሙዝ ኃይል ያጣል የሚባለውም የተጋነነ ነው፤ በአንድ ኢንች የሚጠፋው ፍጥነት በሰከንድ ከ10 ሜትር አይበልጥም ማለት ይቻላል። ርግጫ ለመቀነስ አፈሙዝ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ቀዳዳ ያለው ብረት በእርግጥ ይሠራል፤ ግን ድምፁን ወደ ተኳሹና ወደ ጓደኛው ጆሮ ይመልሰዋል። የአደን ጠመንጃ ያለ እሱ እንኳ ጆሮ ከሚጎዳበት 140 ዴሲቤል በላይ ነው የሚጮኸው። ያለ ጆሮ መከላከያ አይሞከርም።

«ሱቁ አስተካክሎ ሰጥቶኛል»

ሱቅ ውስጥ የሚደረገው መነጽሩን ከአፈሙዙ ጋር በግምት ማስተካከል ነው፤ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ እንጂ ኤልክ እንዲመታ አይደለም። ጠመንጃው ለአደን የሚስተካከለው ተኳሹ ራሱ፣ በሚያድንበት ጥይት፣ በተኩስ ሜዳ ሲተኩስበት ነው። መጀመሪያ በጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ ቀጥሎ ተንበርክኮ፣ ተቀምጦ፣ ዛፍ ተደግፎ፣ መጨረሻም ጥቂት ሮጦ ትንፋሹ ሳይመለስ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሰው ፈቃድ ለማውጣት የአዳኞችን ትምህርት መጨረስ ስላለበት፣ ይህን ልምምድ ከዚያው ጋር ማያያዝ ይቻላል። ጥይት ሲገዙም ልምምዱንና አደኑን የሚሸፍን መጠን ከአንድ ዓይነት መውሰድ ይሻላል፤ አረሩ ወይም ፋብሪካው ሲለወጥ ያው ጠመንጃ ሌላ ቦታ ሊመታ ይችላልና።