ፊት ሲከለል ብዥታው እንዳይሸሽ



ለዕረፍት ወደ ነጌሌ ቦረና፣ ያቤሎና ሞያሌ የምትሄዱ ብዙ ትቀርጻላችሁ። ከሚቀረጹት አንዱ የዱብሉቅ ጥልቅ ኤላ ነው። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ የውሃ ባልዲ ይቀባበላሉ። ከመካከላቸው አንዱ «ፊቴ እንዳይታይ» ካለ ቃሉ አማና ነው። ፊቱ ላይ ብዥታ አድርገን ኮምፒውተሩ እንዲከተለው እናዛለን። ባልዲው ፊቱን በሸፈነ ቁጥር ግን ብዥታው ባልዲውን ተከትሎ ይሄድና ፊቱ ይገለጣል። ለአንድ ፍሬም ቢገለጥ እንኳ ተመልካች አቁሞ ሊያስቀረው ይችላል።

ለምን ይስታል? ተራ የነጥብ ትራከር ሰውን አያውቅም። የመረጥንለትን ትንሽ ቦታ የቀለምና የብርሃን መልክ ይይዝና በሚቀጥለው ፍሬም እዚያው አካባቢ እሱን የሚመስለውን ይፈልጋል። ቦታው ሲሸፈን ያገኘውን ተቀራራቢ ነገር ይይዛል።

መፍትሔው እንደ አከላለሉ ይለያያል።

1. ለአጭር ጊዜ ሲከለል፦ በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ቪዲዮ 10 ፍሬም 0.4 ሰከንድ ነው። ፊቱ በግልጽ በታየበት የመጨረሻ ፍሬም ላይ አቁሙ፤ የተሳሳቱትን ኪይፍሬሞች አጥፉ፤ ፊቱ ከወጣበት ፍሬም እንደገና ጀምሩ። ክፍተቱን ፕሮግራሙ ያገናኘዋል። ሰውየው በመሃል ጎንበስ ቀና ካለ አንድ ሁለት ኪይፍሬም በእጃችሁ ጨምሩ።

2. ካሜራው በእጅ ተይዞ ከሆነ፦ በክፍተቱ ውስጥ የእጃችሁ መንቀጥቀጥም አለ። መጀመሪያ የኤላው ግድግዳ ላይ ያለ የማይንቀሳቀስ ድንጋይ ተከታትላችሁ ምስሉን አረጋጉ፤ ክፍተቱን የምትሞሉት ከዚያ በኋላ ነው።

3. ለረጅም ጊዜ ሲከለል፦ ከፊቱ ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ሌላ ነጥብ፣ ለምሳሌ ራሱ ላይ ያሰረውን ጨርቅ፣ ተከተሉ። ብዥታው ግን ከዚያ ነጥብ በተወሰነ ርቀት ፊቱ ላይ ይቀመጥ።

4. በከፊል ሲከለል፦ ከአፍተር ኢፌክትስ ጋር የሚመጣው ሞካ ነጥብን ሳይሆን ሰፊ ገጽን ይከተላል። ለባልዲው የራሱን ቅርጽ ሥሩና ከፊቱ ቅርጽ በላይ አስቀምጡት። ፕሮግራሙ ባልዲው የሸፈነውን ክፍል ትቶ በቀረው ይሠራል። ገንዘብ ለሌለን ብሌንደርና የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ ትራኪንግ አላቸው።

አንድ ልዩነት ልብ በሉ። በሰው ላይ ጽሑፍ የምትለጥፉ ከሆነ ባልዲው ከፊት ሲያልፍ ጽሑፉ ከኋላው መደበቅ አለበት፤ አለዚያ ባልዲው ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ለዚህም ባልዲውን በማስክ ለይታችሁ ከላይ ትመልሱታላችሁ። ብዥታ ግን ባልዲውን ጭምር ቢሸፍን ጉዳት የለውም። ስለዚህ ከፊቱ ሰፋ አድርጉት። ቀለል ያለ ብዥታ ማንነትን ላይደብቅ ስለሚችል ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቀለም ይመረጣል።

ከመልቀቃችሁ በፊት ባልዲው የሚያልፍባቸውን ቦታዎች ሁሉ ፍሬም በፍሬም እዩ። ስህተቱ የሚደበቀው እዚያ ነው።