እንግሊዝኛ ስንማር ተነሳሽነታችን ለምን ይደክማል?

መርሳ ወይም ወልድያ ውስጥ 9ኛ ክፍል ገብታችኋል እንበል። እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ተምራችሁታል። አሁን ግን ባዮሎጂውም ፊዚክሱም የሚሰጠው በሱ ነው። መምህሯ ስትጠይቅ መልሱን በአማርኛ ታውቁታላችሁ፤ እጃችሁን ግን አታወጡም። «ብሳሳትስ? ቢስቁብኝስ?»

ይሄ ስንፍና አይደለም። አእምሯችን በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያስብበት የሚችለው ጥቂት ነገር ነው። ፍርሃት ያችን ጠባብ ቦታ ሲሻማ የምናውቀው ቃል እንኳ ይጠፋብናል። ዝም ስንል ልምምድ ይቀራል፤ ልምምድ ሲቀር ደግሞ ፍርሃቱ ይብሳል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተነሳሽነትን የሚያጠነክሩ ሦስት ነገሮች አሉ ይላሉ፦ በራስ ምርጫ መሥራት፣ «እየቻልኩ ነው» የሚል ስሜት እና ከሰው ጋር መቀራረብ።

እስቲ ወደኛ እናምጣው።

ምርጫ፦ የምታውቁትን ርዕስ ያዙ፤ ለምሳሌ የሀብሩን የማሽላ አዝመራ ወይም የመርሳን ገበያ።

መቻል፦ በቀን ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ። ከወር በኋላ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣችሁ እዩት፤ ለውጡን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

መቀራረብ፦ ክፍል ውስጥ ከመናገራችሁ በፊት ለአንድ ጓደኛችሁ ተናገሩት።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ሰው ሲሳሳት አትሳቁ። ያቺ ሳቅ ጓደኛችሁ ነገ ሊጠይቅ ያሰበውን ጥያቄም ልታስቀር ትችላለች።