ከከተማው በታች ያለው ገበያ

እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፣ ጊልድሆል በሚባለው የጥንት አዳራሽ ግቢ ሥር፣ ሮማውያን ተሰብስበው ፍልሚያ ይመለከቱበት የነበረ የትርዒት ሜዳ ፍርስራሽ ተገኘ። ዛሬ በግቢው ወለል ላይ ጥቁር ድንጋይ ዙሪያውን ተነጥፎ የሜዳውን ቅርጽ ያመለክታል።

ይህን የሰማ ሰው ጅማ ሲደርስ «ይህችስ ከተማ በምን ላይ ቆማለች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ሂርማታ ነው። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ዓ.ም.፣ ቤተ መንግሥቱ ከላይ በጅሬን ኮረብታ፣ ገበያው ከታች በሜዳው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከሊሙ፣ ከጎማና ከከፋ የመጣው ነጋዴ ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን እያወረደ በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ብር ይገበያይ ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ የገበያውን ድምቀት እያወሳን ይህን ብንዘለው ወሬው ጎደሎ ይሆናል።

ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ አዲሱን ከተማ በዚሁ በሂርማታ ሠሩ። ታዲያ ዛሬ ቆፋሪ ቢመጣ ምን ያገኛል? ገበያ እንደ ሮማውያኑ ሜዳ ግንብ የለውም፤ ዳሱ ይነቀላል፣ ቅርጫቱ ይበሰብሳል፣ የበቅሎው ኮቴ በአንድ ዝናብ ይጠፋል፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ መቼም የታወቀ ነው። የቀረልን ስሙ ነው። ከከተማው ሠፈሮች አንዱ ሂርማታ መርካቶ ይባላል፤ መርካቶ ማለት በኢጣሊያንኛ ገበያ ነው። አዲሱ ስም በአሮጌው ላይ ተደረበ እንጂ አላጠፋውም።

በጅማም ሆነ በአጋሮ የሐሙሱን ገበያ ወሬ ከአያቱ የሰማ አንባቢ ቢኖር፣ አያቱ ሻጭም ይሁኑ የተሸጡ፣ የሰማውን እንዲጽፍልን እንለምነዋለን።