የማዳም ድመት ስኳር ከያዛት፦ መርፌውን ውጊ ለተባልሽ እህት

ድመቷ ስኳር አለባት ተብሎ፣ ከእንስሳት ሐኪም መርፌና ብልቃጥ መጥቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ትወጊያታለሽ» ከተባልሽ ይህ ጽሑፍ ላንቺ ነው። ብትስቂም አልፈርድብሽም። እኛ አገር ድመት የምትያዘው ለአይጥ ነው። ኢንሱሊን መግዣ ያጣ የሰው ልጅ እያለ ለድመት መርፌ ሲባል ደግሞ ሆድ ይብሳል። እኔም ኩዌት ሰው ቤት ስሠራ የአንዲት ወፍራም ድመት መርፌ ከአንድ ዓመት በላይ በእጄ ነበር። ግን ነገሩ የሳቅ አይደለም። ኢንሱሊን ከበዛ ድመቷ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ከሞተች ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ብዙ እህቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ይተላለፍብኛል ወይ?» ብለው ነው። አይተላለፍም። የድመት ስኳር እንደ ሰው ስኳር ነው፤ ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን አልበቃ ሲል ወይም ሰውነት አልቀበል ሲለው ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ነው ድመቷ ውሃ ስትጠጣ የምትውለው፣ አሸዋዋን በሽንት የምታጥለቀልቀው፣ እየበላች የምትከሳው። አንዳንዷ በኋላ እግሯ ጣት መራመዱን ትታ ተረከዟን መሬት አስነክታ ትሄዳለች። ቤት ውስጥ የሚቀመጡ ወፍራም ድመቶች፣ በተለይ የተኮላሹ ወንዶች፣ በብዛት ይያዛሉ። ደስ የሚለው ነገር፣ ቶሎ ሕክምና የጀመረች ድመት አንዳንዴ ከወራት በኋላ መርፌ እስከማያስፈልጋት ድረስ ይሻላታል። ይህን ለማዳም ንገሪያት፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት በጥንቃቄ መያዝ ይጠቅማል።

ሳታዪ አትውጊ

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ሐኪሙ ወይም ረዳቱ እያሳየሽ አንዴ ራስሽ መውጋት አለብሽ። «ዩቲዩብ ላይ እይው» ከተባልሽ «ዶክቶሩ ጋ ውሰጂኝ፣ እንዳላበላሽ ፈርቼ ነው» በያት። ይህ እምቢ ማለት አይደለም፤ ማዳምም ለድመቷ ስለምትፈራ ብዙ ጊዜ ትሰማሻለች። መጠኑን ደግሞ በጽሑፍ ተቀበይ። ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ወይም ማዳም በዋትስአፕ እንድትልክልሽ ጠይቂ። በኋላ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ሲመጣ የሚያድንሽ እሱ ነው።

አብዛኛዋ ድመት ስትጀምር የሚታዘዝላት 1 ወይም 2 ዩኒት ነው፤ በጣም ትንሽ ጠብታ። ስለዚህ አንድ ሰው «አሥር» ካለሽ ቆም ብለሽ እንደገና አስጠይቂ።

ሰዓቱንም አስተውዪ። መርፌው በ12 ሰዓት ልዩነት በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ሐኪሙ «ሰባት» ሲል በእነሱ ሰባት ነው፤ በእኛ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን አዲስ የመጣች ልጅ በሀበሻ ሰዓት ከቆጠረች በቀትር ትወጋለች። ፍሪጁ ላይ በቁጥር ጽፈሽ ለጥፊው።

ስሪንጁና ብልቃጡ መመሳሰል አለባቸው

እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነውና። ለድመት የሚታዘዘው ኢንሱሊን ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓይነት ጥንካሬ አንዱ ነው። ለእንስሳት ተብለው የሚሠሩት እንደ ካኒንሱሊንና ፕሮዚንክ ያሉት በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት አላቸው። ብልቃጡ ላይ 40 የሚለውን ቁጥር ታያለሽ። ለሰው የሚሠራው እንደ ላንተስ ያለው ብዙውን ጊዜ 100 ነው፤ ለድመትም ይታዘዛል። ስሪንጁም እንደዚሁ የ40 እና የ100 አለው። የ40 ብልቃጥ በ40 ስሪንጅ፣ የ100 ብልቃጥ በ100 ስሪንጅ ብቻ።

ቢቀላቀልስ? የ100ውን ኢንሱሊን በ40 ስሪንጅ «2» እስከሚለው መስመር ብትቀጂ፣ ድመቷ የገባላት 2 ሳይሆን 5 ዩኒት ነው። ይህ ሊገድላት ይችላል። በተቃራኒው የ40ውን በ100 ስሪንጅ ከቀዳሽ 2 ያልሽው 0.8 ብቻ ይሆናል፤ ስኳሯ አይወርድም፣ «መርፌውን አትወጋም» ትባያለሽ። ብዙ ጊዜ የ40 ስሪንጅ ክዳን ቀይ፣ የ100 ደግሞ ብርቱካናማ ነው፤ አንቺ ግን ቀለሙን ሳይሆን የተጻፈውን ቁጥር እመኚ። ስሪንጁ አልቆ ሹፌሩ ፋርማሲ ሲላክ የድሮውን ባዶ ስሪንጅ ይዞ ይሂድ። ትልልቆቹ የ100 ስሪንጆች ላይ ደግሞ አንዷ መስመር 2 ዩኒት ልትሆን ትችላለች። ለድመት ትንሹ፣ 0.3 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ይሻላል፤ መስመሮቹ ራቅ ራቅ ስለሚሉ ለዓይን ይቀላሉ።

ሌላም ነገር አለ። የባህረ ሰላጤ ቤት ውስጥ አያት ወይም አባት ስኳር ያለበት ብዙ ነው። ፍሪጁ ውስጥ የሰውየው ኢንሱሊንና የድመቷ ኢንሱሊን ጎን ለጎን ከተቀመጡ አንድ ቀን መሳሳት ይመጣል። የድመቷን በክዳን ባለው ሳጥን ለብቻው አድርጊ፣ ላዩ ላይ የድመት ሥዕል ሳይቀር ሳዪበት። ፍሪጅ ውስጥ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፣ ከበረዶው ይራቅ። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። መኪና ውስጥ የተረሳም እንዲሁ፤ የእዚያን አገር የበጋ ሙቀት ታውቂዋለሽ። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፊ። አንዳንዱ ይነቀነቃል፣ አንዳንዱ በመዳፍ መሀል ቀስ ተደርጎ ይንከባለላል፣ አንዳንዱ ምንም አይደረግም። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ።

አወጋጉ

መጀመሪያ ምግብ፣ ከዚያ መርፌ። ድመቷ እየበላች ወይም በልታ ስትጨርስ፣ ከትከሻዋ ጀርባ ወይም ከጎኗ ቆዳዋን በሁለት ጣት እንደ ድንኳን ታነሺና መርፌውን ከሥሩ ታስገቢያለሽ። ጡንቻ ውስጥ አይደለም፣ ከቆዳ ሥር ነው። ቦታውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀይሪ። መርፌዋ ቀጭን ናት፤ አብዛኛዋ ድመት ቀና ብላ እንኳ አታይም። አንቺ ከተጨናነቅሽ ግን እሷም ትጨናነቃለች።

ፀጉሯ ከረጠበና «ገባ? አልገባም?» ብለሽ ከተጠራጠርሽ አትድገሚ። ማዳም ወግታ ይሆን አንቺ ወግተሽ ይሆን ካላወቃችሁም አትድገሙ። አንድ መርፌ ቢዘለል ድመቷ ያን ቀን ትንሽ ስኳር ይበዛባታል፤ ሁለት ቢደረብ ልትሞት ትችላለች። ለዚህ ነው ደብተር የግድ የሚሆነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ዩኒት፣ በላች ወይስ አልበላች፣ ማን ወጋ። በአማርኛ ብትጽፊውም ግድ የለም፣ ቁጥሩን ሁሉም ያነበዋል።

ካልበላች ወይም ካስታወከች የተለመደውን መጠን ዝም ብለሽ አትስጪ። «ማ አከለት፣ ኢስአሊ ዶክቶር» በያት፤ «አልበላችም፣ ዶክቶሩን ጠይቂ» ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ካልበላች፣ ካስመለሳት፣ ከደከመችና ትንፋሿ እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ደግሞ ሳይዘገይ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት። አንዳንድ ሐኪሞች አሁን በመርፌ ፋንታ በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ያዛሉ፤ በእሱ ላይ ያለች ድመት የስኳር ቁጥሯ ደህና ሆኖ እንኳ ይህ ሊደርስባት ይችላል፤ ቁጥሩ አያዘናጋችሁ።

ምግቡም ከመርፌው ጋር የተያያዘ ነው። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ደረቁን ምግብ አስትተው ሥጋ የበዛበትን የቆርቆሮ ምግብ ያዛሉ፤ ስኳር የሚሆነው ነገር ያንሳልና። ግን ምግቡ ሲቀየር የኢንሱሊን ፍላጎቷም ሊቀንስ ስለሚችል፣ ማዳም ከሱፐርማርኬት አዲስ ዓይነት ይዛ ስትመጣ «ዶክቶሩ ያውቃል?» ብለሽ ጠይቂ። ልጆቹ በድብቅ የሚሰጧትን ብስኩትም ከልክዪ፣ ከቻልሽ።

ስኳሯ ሲወርድ

ምልክቱ ይህ ነው፦ እንደ ሰከረ ሰው ትንገዳገዳለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ድንገት በጣም ትርባለች ወይም ፈዝዛ ጥግ ትይዛለች፣ ሲብስ ያንዘፈዝፋታል። ይህን ካየሽ ማንም እስኪፈቅድልሽ አትጠብቂ። መዋጥ ከቻለች ወዲያው ምግቧን ስጫት። ካልበላች ማር ወይም በውሃ የተበጠበጠ ስኳር በጣትሽ ድዷ ላይ ቀቢ። አፏ ውስጥ አታንቆርቁሪ፣ ያንቃታል። እያንዘፈዘፋት ከሆነ ጣትሽን በጥርሶቿ መሀል አታስገቢ፣ ሳታውቅ ትነክስሻለች፤ በከንፈሯ ሥር ከውጭ በኩል ብቻ። ከዚያ ደውዪ፣ የሐኪም ቤቱ ቁጥርም አስቀድሞ ስልክሽ ውስጥ ይኑር። ተሽሏት ብትነሳም ሐኪም ሊያያት ይገባል፣ ኢንሱሊኑ ገና አልጨረሰምና። የሚቀጥለው መርፌም ሐኪሙ እስኪናገር ይቆማል።

ቤት ውስጥ የስኳር መለኪያ ካለ ከጆሮዋ ጫፍ ጠብታ ደም ተወስዶ ይለካል። አንዱ መለኪያ 180 ሲል ሌላው 10 ይላል፤ መለኪያው የተለያየ ነው እንጂ ሁለቱም አንድ ናቸው። ቁጥሩን መዝግቢ፤ መጠኑን ግን አንቺም ማዳምም በራሳችሁ አትቀይሩ።

ያንቺስ ጤና

መርፌው ከወጋሽ በሳሙናና በውሃ ታጠቢ። ኢንሱሊኑ ገብቶብሽ ከሆነ ጣፋጭ ነገር ብዪ፣ ለሰው ንገሪ፣ ካዞረሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። የድመት ንክሻ ግን ከመርፌው ይከፋል፤ ቀዳዳው ትንሽ፣ ጥልቀቱ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ያመረቅዛል። በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቢውና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ድመቷ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዳላት ጠይቂ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም እጠረጥራለሁ ካልሽ የድመቷን አሸዋ ሌላ ሰው ይጥረገው፤ ከዓይነ ምድሯ የሚመጣ ፅንስ የሚጎዳ ተሕዋስ አለ። ሌላ ሰው ከሌለ በየቀኑ በጓንት አጽጂውና እጅሽን ታጠቢ። ያገለገለውን መርፌ መልሰሽ አትክደኚው፤ በጠንካራ የሳሙና ጠርሙስ አጠራቅመሽ ለሐኪም ቤቱ ይመለስ።

ሰዓቱን ስትመርጡ እረፍትሽንም አስቢ። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 68፣ እ.ኤ.አ. 2015) ሥራን በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። የኳታሩ (ቁጥር 15፣ 2017) 10 ሰዓት ይላል። የኤምሬትሱ (ቁጥር 9፣ 2022) በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት እረፍት፣ ከዚያም 8ቱ ተከታታይ እንዲሆን ያዛል። በሦስቱም የሳምንት እረፍት አለሽ። ሊባኖስ ያላችሁ እህቶች የሥራ ሕጉ እንደማያካትታችሁ ታውቃላችሁ፤ እዚያ የምትይዙት ኮንትራታችሁን ነው። ስለዚህ መርፌው 5 እና 5 ላይ ሆኖ ከእንቅልፍሽ ከሚነጥቅሽ 7 እና 7 ወይም 8 እና 8 ይሁን፤ ለድመቷ ለውጥ የለውም፣ የሚፈለገው በመሀሉ 12 ሰዓት መኖሩ ነው። «ድመቷን ማን ይወጋታል?» ተብሎ አርብሽ እንዳይቀርም ማዳምን ወይም ትልቋን ልጅ ከመጀመሪያው ሳምንት አስተምሪ። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ አብራ እንድትማር ያን ቀን ጠይቂያት፤ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ጊዜ የላትም።